ቀንዷ ወዴት ነበር?

ሙሄዲን ልብስ ሰፊ ነው። መርሳ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለች አንዲት በረንዳ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሱሪ ሲያሳጥር፣ ዚፕ ሲቀይር፣ ለዒድ የልጆች ጀለቢያ ሲሰፋ ፀጉሩ ሸበተ። ዓይኑ ከመርፌ ቀዳዳ ርቆ የሄደበት ጊዜ ጥቂት ነው። ወደ ሰማይ ቀና የሚለውም ሊዘንብ ነው ወይስ ያጠብኩትን ጨርቅ ላስጣው ለማለት ብቻ ነበር። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ቴሌስኮፕ ገዝቶ ሲመጣ ጎረቤቱ "ሙሄዲንን ምን ነካው?" ቢል አይፈረድበትም።

የገዛው ወልድያ ነው፣ ሃይላይ ከሚባል የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ። ሃይላይ ዕቃውን ለአንድ መምህር አስመጥቶት ነበር። መምህሩ ሳይወስደው ስለቀረ ሱቁ ውስጥ ከቴሌቪዥኖቹ ኋላ አቧራ ሲጠጣ ከርሟል። ሙሄዲን ረጅሙን ካርቶን ታቅፎ ወደ መርሳ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈረ። ጊዜው የጦርነት ወሬ ከምሳ ጋር የሚበላበት ነበር። ሲሪንቃ ላይ የገባ አንድ ሰውዬ ካርቶኑን ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና፣

"ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ስንት ሚሊሜትር ነው?" አለው።

ሙሄዲን ካርቶኑን አገላብጦ ጽሑፉን ፈለገና በቅንነት፣ "ሰባ ይላል" አለ።

ሰውዬው መርሳ ሳይደርስ ወረደ።

ዕቃውን ያስገዙት አባቱ ናቸው፤ እሳቸው ግን ግዛልኝ አላሉም። ሸህ ኡበይደላ ሙሄዲን ሳይወለድ ጀምሮ የሰፈሩ የጨረቃ ምስክር ነበሩ። ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ሊወጣ ሲል፣ የመውሊድ ወር ሲቃረብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥተው ይቆማሉ። መርሳን ከምዕራብ በኩል ተራራ ስለያዛት ቀጭን ጨረቃ ከሜዳው አትታይም። ከኮረብታው ላይ ግን በሁለት ተራሮች መካከል ክፍት አለ። ሌላ ሰው "አየሁ" ብሎ ቢመጣ ሸህ ኡበይደላ አይቆጡም፣ አይስቁም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁታል፤ "ቀንዷ ወዴት ነበር?" አዲስ ጨረቃ በእኛ ሰማይ በጀርባዋ ተኝታ ቀንዷን ወደ ላይ ነው የምታደርገው። "ወደ ታች" ያለ ወይም ያመነታ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው፤ ቂም የያዘ ግን አልነበረም።

እርጅና አይቀርምና የአንደኛው ዓይናቸው ብርሃን በሞራ ጠፋ፤ ሁለተኛውም ሊከተል ደረሰ። ባለፈው ረመዳን ማብቂያ፣ ሰማዩ ደመና እንደለበሰ፣ ሸህ ኡበይደላ ከኮረብታው ወርደው "አየሁ" አሉ። ሰው እንደ ልማዱ አመነ። በግ ነጋዴው ዓሪፍማ፣ አጥር የሚለያቸው ጎረቤታቸው ነው፣ ቸኩሎ በዚያው ምሽት በጉን አረደ። ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮው ጨረቃ የትም እንዳልታየች፣ ነገም ጾም እንደሆነ ተናገረ። ዓሪፍ አንድ ሙሉ በግ ቤቱ ተሰቅሎ ሽታው እያወደው ጾሙን ዋለ። በማግስቱ ከመስጊድ ሲወጡ፣

"ሸሁ ያዩዋት ጨረቃ እኮ አልቀረችም፤ መኪና አጥታ ውጫሌ ነው ያደረች" አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሸህ ኡበይደላም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወደ ኮረብታው አልወጡም፤ ማንንም ቀንዷ ወዴት ነበር ብለው አልጠየቁም። ሙሄዲን አባቱ ሲስቁ አጠገባቸው ነበር፤ ያን ሳቅ መርሳት አልቻለም። ደሴ ያለው ሐኪም ለመስከረም የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጥሯቸዋል፤ ሐኪሙ ራሱ ግን ተስፋውን ቆጥቦ ነው የሰጠው። እናም ሙሄዲን የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቱ ያቺ የቀረቻቸው ዓይን ሳትጠፋ ጨረቃን አንድ ጊዜ አይተው እንዲመሰክሩ፣ ሰውም ቃላቸውን እንዲቀበል ነበር።

ቴሌስኮፑን ጓሮ ተከለው። ከቁራጮቹ ውስጥ እንደ ክርን የታጠፈች አንዲት ነገር ተረፈችው፤ መለዋወጫ መስላው ካርቶኑ ውስጥ መልሶ አስቀመጣት። ከዚያ ለሙከራ ማዶ ያለውን ዳገት ቢያይ የዓሪፍ በቅሎ እግሯን ወደ ሰማይ አድርጋ ሣር ትግጣለች። ዓይኑን ጠራርጎ ደግሞ ቢያይ ያው ነው። ደንግጦ ለሃይላይ ደወለ።

"ተገልብጦ ነው የሚያሳየኝ። ተበላሽቷል?"

"አልተበላሸም፤ ነገሩ እንዲያ ነው" አለ ሃይላይ። "የሰማይ ዕቃ እኮ ነው። ሰማይ ላይ ደግሞ ላይና ታች የለም፤ ምን አስጨነቀህ?"

ሙሄዲን ይህን ሲሰማ ልቡ አረፈ። እንዲያውም ከበድ ያለ ዕውቀት ያገኘ መስሎት ለሚስቱ ለዙልፋ ነገራት። ዙልፋ በቅሎዋን አይታ፣ "እሷስ ሰማይ ላይ ናት?" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደመና ነው። የሐምሌን ደመና ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ማስረዳት አያስፈልገውም። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ሰማዩ እንደ ሳህን ታጥቦ ይውላል። ሙሄዲን በረንዳው ላይ ቁልፍ እየተከለ ምሽቱን ይናፍቃል። አሥር ሰዓት ሲሆን ከተራራው ኋላ አንዲት ነጭ ነገር ብቅ ትላለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘመዶቿ በሙሉ መጥተዋል። የአረፋ ወር ጨረቃ በዚህ አለፈች። አንድ ምሽት ደመናው የተበተነ መስሎት ባለ ሦስት እግሩን ዕቃ ተሸክሞ ሮጦ ቢወጣ አልሸሹም ዞር አሉ ነበር፤ ገና መነጽሩን ሳያስተካክል ዶፍ ወርዶበት ጃኬቱን ለቴሌስኮፑ አልብሶ እሱ በስብሶ ገባ።

"የዝናብ ሶላት ከምንሰግድ" አለች ዙልፋ ፎጣ እያቀበለችው፣ "ድርቅ በመጣ ቁጥር አንተን ቴሌስኮፕ ማስገዛት ነበር።"

ሸህ ኡበይደላ ዕቃውን "ቱቦው" ነው የሚሉት። ለምን እንደተገዛ ገብቷቸዋል፤ እንደገባቸው ግን አልተናገሩም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ "አብሽር ልጄ፣ ዝናብም የአላህ ነው" ይሉታል። ሙሄዲን ይህንን አልተከራከረም። ሆኖም አላህ ዝናቡን ከመግሪብ በኋላ ቢያደርገው ምን ነበረበት እያለ በልቡ ያጉረመርማል።

ነሐሴ ሲገባ ከወልድያ አቅጣጫ ጉርምርምታ ተሰማ። ሙሄዲን፣ "ይኸው ደግሞ መጣ" ብሎ የተሰጣውን ጨርቅ ሰበሰበ። ጨርቁን ሰብስቦ ሲጨርስ ነጎድጓዱ በተከታታይ መጣ፤ ሰማዩ ግን በዚያች ሰዓት ንጹሕ ነበር። ያኔ ነው መድፍ መሆኑን ያወቀው።

ጦርነቱ መርሳን አልፎ ወደ ደሴ ወረደ፤ ታጣቂዎች ከተማውን ያዙ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ወፍጮ ቆመ። ሰው በቆሎ ቆልቶ፣ ማሽላ ቀቅሎ ሰነበተ። ወጣቱ ገሚሱ ተሰደደ። የደሴው መንገድ ተዘጋ፤ ከመንገዱ ጋር የሸህ ኡበይደላ የመስከረም ቀጠሮም ተዘጋ። ሃይላይ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። በወሬው ሰሞን የትግራይ ተወላጁን ሁሉ ሰው በጎሪጥ ማየት ሲጀምር ሱቁን ዘግቶ ነበር አሉ። ሙሄዲን ቴሌስኮፑን ባየ ቁጥር ያ ሰው ትዝ ይለዋል።

ቱቦውን በሱሪ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሌሎቹ የጨርቅ ጥቅሎች መሐል አቆመው። ታጣቂዎች ሁለት ጊዜ ፈተሹት። በሁለተኛው ጊዜ አንደኛው ያንኑ የቱቦውን ጨርቅ በእጁ ዳሰስ አድርጎ፣ "ጠንካራ ጨርቅ ነው" አለ። ሙሄዲንም ጠንካራ መሆኑን መሰከረ።

መስከረም ሲጠባ ደመናው አንድም ሳይቀር ሄደ። መብራት ስለሌለ ምሽት ላይ ኮከቡ እንደ ተዘራ ጤፍ ሰማዩን ሞላው። ሙሄዲን በዕድሜው እንዲህ ያለ ሰማይ አይቶ አያውቅም፤ ዕቃውም ቤቱ ውስጥ ቆሟል፤ ማውጣት ግን አይችልም። ታች ሰፈር አንድ ሰው ስልኩን አብርቶ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ነበር፤ ኔትዎርክ ሊፈልግ ነው ይላሉ። ምልክት ትሰጣለህ ብለው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ልጆቹ እስካሁን በር በር ያያሉ። ቱቦ ይዞ ኮረብታ የወጣ ሰው ምን እንደሚባል ሙሄዲን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

በዚህ መሐል የመውሊድ ወር ደረሰ፤ መቼ እንደሚገባ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ሬዲዮው ድንጋዩ አልቆበታል፤ አዲስ አበባ ተደውሎ አይጠየቅም። አንዱ ነገ ነው ይላል፣ ሌላው ከነገ ወዲያ ነው ይላል፤ በየመስጊዱ ንትርክ ሆነ። መውሊድ ወሎ ላይ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። በዚያ ዓመት የሚታረድ በግ አልነበረም፣ የሚደለቅ ድቤ አልነበረም። የቀረው ቀኑ ብቻ ነበር፤ ቀኑም ከጠፋብን ምን ቀረን አለ ሰው። ስለዚህ ጥቂት ሽማግሌዎች ተሰባስበው ሸህ ኡበይደላ ዘንድ መጡ። ዓሪፍም ከኋላ ገብቶ በሩ ጥግ ተቀመጠ።

"እኔ ዓይኔ አልቋል። ዓይን ያለው ይይ" አሉ ሸህ ኡበይደላ።

 ዓሪፍ ምንጣፉን ይቆነጥራል።

"ቱቦው አለ" አለ ሙሄዲን።

"ቱቦውስ አለ፤ አንተስ ትኖራለህ?" አለች ዙልፋ ከጓዳ። ከዚያ ብቅ ብላ፣ "ከመግሪብ በኋላ ኬላው ላይ የሚያሳልፉት ሬሳና በሽተኛ ብቻ ነው። አባን በቃሬዛ ውሰዷቸው፤ ቱቦውን ጋቢው ውስጥ" አለች።

"እኔ ሳልታመም ታመምኩ አልልም" አሉ ሸህ ኡበይደላ።

"ዓይንዎን አልታመሙም?"

ሸህ ኡበይደላ አሰቡ። "ታምሜአለሁ።"

"እንግዲያው ምን ውሸት አለው?"

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቃሬዛው ተነሳ። ሸህ ኡበይደላ ጋቢ ተከናንበው በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ቴሌስኮፑ በጎናቸው ተጋድሟል። የቃሬዛውን ፊት ከያዙት አንዱ ዓሪፍ ነው፤ ማንም ያዝ አላለውም። ከኮረብታው ግርጌ ያለው ኬላ ላይ አንድ ለጋ ታጣቂ አስቆማቸው።

"ማን ናቸው? ምን ሆነው ነው?"

"አባቴ ናቸው። ዓይናቸውን ታመው ነው" አለ ሙሄዲን።

"ለዓይን በቃሬዛ?"

"ካላዩ አይሄዱማ" አለ ዓሪፍ፣ ፊቱ ላይ አንዳች ሳይታይ።

ታጣቂው የጋቢውን ጫፍ በጠመንጃው አፈሙዝ ገለጠው። የተገለጠው ግን በፊታቸው በኩል ነበር። ሸህ ኡበይደላ በሞራ የነጣ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

"ልጄ፣ እናት አለችህ?"

"አለች" አለ ልጁ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ "አላውቅም" አለ። "የእኛም አገር ስልክ የለም።"

"አላህ ያገናኛችሁ።"

ልጁ ጋቢውን በእጁ መልሶ አለበሳቸውና መንገዱን ለቀቀ።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ጠልቃለች፤ በሁለቱ ተራሮች መካከል ያለው ክፍት ብርቱካን መልክ ይዟል። አንዲት የደመና ብጣሽ እንኳን የለችም። ሙሄዲን ሦስቱን እግር ተክሎ፣ ቱቦውን አስሮ፣ በቱቦው ጀርባ ላይ አነጣጥሮ አገኛት። ቀጭን፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ። ይህን ሁሉ ክረምት የጠበቃት እሷን ነው።

"አባ፣ ይዩ።"

ሸህ ኡበይደላን ደግፈው አቆሟቸው። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አስጠጉ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

"አዩ?" አለ ሙሄዲን።

"አንድ ነገር አየሁ።" ጺማቸውን ዳበሱ። "ቀንዷ ወዴት ነው? ወደ ታች ነው።"

ሙሄዲን በቅሎዋ ትዝ አለችው። ሰማይ ላይ ላይና ታች የለም ያለው ሃይላይም ትዝ አለው።

"መሣሪያው ነው አባ! ይገለብጣል። ወደ ታች ያዩት በእውነቱ ወደ ላይ ነው።"

"አንተ ትለኛለህ። የእኔ ዓይን ያየችው ግን ወደ ታች ነው" አሉ ሸህ ኡበይደላ። "ወደ ታች ያለኝን ሰው ሁሉ ከቤቴ መልሼአለሁ። ሞላን መልሼአለሁ፣ የሙክታርን አባት መልሼአለሁ። ዛሬ ለራሴ ሲሆን ቱቦው ነው ልበል? አላየሁም።"

ሙሄዲን ማልቀስ አማረው። ጨረቃዋ ወደ ተራራው ጫፍ እየወረደች ነው፤ ጥቂት ቆይታ ትገባለች፤ ለሚቀጥለው ወር ያቺ ዓይን ትኑር አትኑር አላህ ያውቃል። አንድ ክረምት ሙሉ ደመናን ሲራገም ኖሮ ደመና በሌለበት ቀን ይህ ሆነ። ወዲያ ወዲህ ሲያይ ዓይኑ ቃሬዛው ላይ አረፈ።

"አባ፣ ይተኙ።"

"ምን?"

"እሷ ከተገለበጠች እርስዎም ይገልበጡ። ያኔ ዓይንዎ የሚያየው ትክክለኛውን ነው።"

ሸህ ኡበይደላ ጥቂት አስበው፣ "ይህስ ይሆናል" አሉና ተኙ። አራት ሰዎች ቃሬዛውን እስከ ደረታቸው አነሱት፤ የሸሁ ጭንቅላት ከቃሬዛው አልፎ ቁልቁል ተንጠለጠለ፤ ጺማቸው ወደ ሰማይ ቆመ። የተከበረ ሽማግሌ በዚህ ሁኔታ ታይቶ አያውቅም። አንድም ሰው ግን አልሳቀም። ዓሪፍ ቦታውን ለሌላ ሰጥቶ መጣና ጭንቅላታቸውን በሁለት መዳፉ ከሥር ደገፈ። ሙሄዲን ቱቦውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረገና እንደገና ለማነጣጠር ወደ ምዕራብ ቀና አለ።

ያኔ ነው የገባው። ቱቦውን ወደ ጨረቃ ለማዞር መጀመሪያ ጨረቃዋን በባዶ ዓይን ማየት ግድ ነው። እሱ በባዶ ዓይኑ እያያት ነው። ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ፣ ጨረቃዋ እንዲህ በክፍቱ መካከል ተቀምጣ የማያያት የለም። ዞር ብሎ ሰዉን አየ።

ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አንዱ የጫማውን ማሰሪያ ይመረምራል፤ አንዱ በዱላው አፈር ይቆፍራል፤ ቃሬዛውን የያዙት አራቱ የተሸከሙትን እንጨት አፍጥጠው ይመለከታሉ። ወደ ምዕራብ ያየ አንድም ሰው የለም። ዓሪፍ የሸሁን ጭንቅላት እንደያዘ ዓይኖቹን ጨፍኗል፤ ከመጨፈኑ ብዛት ፊቱ ተጨማዷል።

ሙሄዲን ቱቦውን አስተካከለ።

"አየሁ" አሉ ሸህ ኡበይደላ።

 ከዚያ ዓሪፍ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ቀንዷ ወዴት ነው፣ ሸህ ኡበይደላ?" ሲል ጠየቀ።

"ወደ ላይ።"

"ዘንበል ያለችውስ?"

"ወደ ግራ። ወደ ደቡብ።"

"ተቀብለናል" አለ ዓሪፍ።

ያኔ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ኬላው ቅርብ ስለሆነ ተክቢራውን በሹክሹክታ አሰሙ፤ አንዱ ሽማግሌ ግን ድምፁን መቆጣጠር አቅቶት አፉን በጥምጥሙ ጫፍ ያዘ። ጨረቃዋ ተራራው ኋላ ገባች።

ሲመለሱ ያ ለጋ ታጣቂ አሁንም ቆሟል።

"ተሻላቸው?"

"ተሻላቸው" አለ ዓሪፍ። ልጁም አሳለፋቸው።

ኬላውን ካለፉ በኋላ የሸህ ኡበይደላ እጅ ከጋቢው ወጥቶ የሙሄዲንን እጅጌ ሳበ። ሙሄዲን ጆሮውን አስጠጋ።

"ዓሪፍ ቀድሞኛል" አሉት በቀስታ። "አንተ እግሩን ስትተክል ነው ያያት። ሌሎቹም አይተዋል። እኔ ስንቱ ሰው ጨረቃ ሲያይ አጠገቡ ቆሜአለሁ፤ ትንፋሹን ዋጥ እንደሚያደርግ አውቃለሁ።"

 ከፊት ለፊታቸው ዓሪፍ በጨለማው ድንጋይ እንዳይመታው እየተጠነቀቀ ቃሬዛውን ይዞ ይወርዳል።

"አባ…"

"ማወቄን እንዳትነግራቸው" አሉ ሸህ ኡበይደላ፤ ጋቢያቸውንም ተከናነቡ።